በእኔ ጣት የተጻፈ ክፍልፋይ

እህቴ ቀኝ እጇ የተሰበረው ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ነው። የተሳፈረችበት ባጃጅ ጉድጓድ ልሽሽ ብሎ ተገለበጠ። ሹፌሩም፣ አብራት የተሳፈረችው ሴትዮም አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ። እሷ ግን መሬቱን በእጇ ነበር የተቀበለችው። ከሥራ ስመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ከጣቶቿ ሥር እስከ ክርኗ በጄሶ ታስሯል። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣

«እቴቴ፣ በግራ እጄ አንድ መስመር ለመጻፍ ምን ያህል እንደምቆይ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

እህቴ ቡራዩ ባለ አንድ ኮሌጅ ኮምፒዩተር ትማራለች። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው ያቆምኩት። ከመናገሻ በኩል ካለው መንደራችን መጥቼ ሰበታ ብስኩት ፋብሪካ ገባሁ፣ ማሸጊያ ላይ። እሷ ለኮሌጅ ስትደርስ አመጣኋትና ከኦቦ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። ኦቦ የምንላቸው አከራያችንን ነው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ጨዋታ ይወዳሉ።

በዚያ ወቅት እህቴ የምትወስደው ትምህርት መጨረሻ ላይ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ፕሮግራም ጽፎ በክፍሉ ፊት እያሠራ ያሳያል። መምህሩ ይጠይቃል፣ ተማሪው ይመልሳል። ያላሳየ ያንን ትምህርት ይደግማል። ትምህርቱ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት አይሰጥም። ይህ ማለት ጓደኞቿ ሁሉ ሲያልፉ እሷ ዓመት ሙሉ ወደኋላ ትቀራለች ማለት ነው። ጄሶው ከማሳያው ቀን በፊት አይፈታም። መምህሩ እጇን አይቶ አዘነላትና እንዲህ አላት፦

«ሌላ ሰው ይጻፍልሽ። ግን የክፍልሽ ልጅ እንዳይሆን፤ እነሱ ሳያውቁትም ያግዙሻል። ኮምፒዩተር የማያውቅ ሰው ፈልጊ። ቃሉ ሁሉ ካንቺ አፍ ይውጣ።»

«ማን አለኝ ካንቺ ሌላ?» አለችኝ ይህንን ነግራኝ ስትጨርስ።

አይሆንም አልኳት። እኔ ሰው ፊት አልችልም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ መውረጃዬን አልፌ ሌላ ሰው እስኪወርድ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኛል። ኮሌጅ ገብቼ በተማሪ ፊት ልቀመጥ?

እሷ አልለመነችኝም። ላፕቶፑን (ከአንዲት ጓደኛዋ የተዋሰችው ነው) በግራ እጇ ጭኗ ላይ ጎትታ አንዲት ፊደል ነካች። ቀጥላ ሌላ ፈለገች። ጄሶው እየከበዳት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ትላለች። ትንሽ አየኋትና፣

«ወዲህ በይው። እዚህ ቤት ውስጥ እጽፍልሻለሁ። ኮሌጁን ሌላ ቀን እናየዋለን» አልኳት።

ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ። ከፋብሪካ ጓደኞቼ ጋር በስልክ ስንጻጻፍ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምንጽፈው። የማላውቀው ምልክቶቹን ነበር። እሷ «ቅንፍ ክፈቺ» ትላለች፣ እኔ እፈልጋለሁ። «ሁለት ነጥብ» ትላለች፣ እፈልጋለሁ። «ከታች ሰረዝ፣ ሁለቴ» ትላለች። አንድ መስመር ስንጨርስ ሁለታችንም እንተነፍሳለን።

የሚጻፈው የክፍልፋይ ፕሮግራም ነው። መምህሩ «ክፍልፋይ የሚባል ክላስ ሥሩ፤ ይደምር፣ ይቀንስ፣ ያባዛ፣ ያካፍል» ብሏቸዋል። ክፍልፋይን ከትምህርት ቤት አስታውሰዋለሁ፤ ላዕል ከላይ፣ ታህት ከታች። ክላስ የሚለው ግን አልገባኝም።

«ክላስ አሠራሩ ነው» አለች እህቴ። «ኦብጀክት ደግሞ በዚያ አሠራር የተሠራው ነገር።»

«አልገባኝም።»

«እንደ ቤት ፕላን በይው። ፕላኑ አንድ፣ ቤቱ ብዙ።»

«እኔና አንቺ ፕላን ያለው ቤት መቼ አየን?»

ሳቀች። ከዚያ የጄሶዋን ጫፍ እያከከች፣ «አባባ ቅርጫ ሲያካፍል እንዴት ነበር? እኔ ብዙም አላስታውስም» አለችኝ።

አባታችን በመንደሩ ቅርጫ የሚያካፍለው ሰው ነበር። ለበዓል ጎረቤቶች ተጣምረው በሬ ሲገዙ፣ ስንት ሰው እንደገባ አስቀድሞ ይጠይቃል። ስምንት ከሆኑ ቅጠሉ ላይ ስምንት ቦታ ያወጣል። ሚዛን አያውቅም። ጉበቱን ስምንት ቦታ ይቆርጠዋል፣ ጎድኑን ስምንት፣ ሽንጡን ስምንት፣ ጨጓራውን እንኳ ስምንት። በየቦታው እየጨመረ ይከምራል። እያንዳንዱ ክምር መደብ ይባላል። ቁራጭ ካነሰበት ከሌላው ትንሽ ይቀንስና ይሞላል፣ ራቅ ብሎ ያያል፣ እንደገና ያስተካክላል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ለዕጣ ያዋጣል፤ ስንጥር፣ ቁልፍ፣ የባቄላ ፍሬ። ዕጣውን በየመደቡ ላይ የምጥለው እኔ ነበርኩ። የመረጡኝ የማንንም ፊት ቀና ብዬ ስለማላይ ነው። «እሷ ማን ምን እንዳዋጣ አታውቅም» ይሉ ነበር። እውነት ነው፣ አላውቅም ነበር። የማየው እግራቸውን ብቻ ነው።

ይህንን ሁሉ ነገርኳት። እህቴ ጄሶዋን ረስታ ብድግ አለች።

«በቃ! ክላስ ማለት የአባባ አሠራር ነው! ስንት በሬ ቢመጣ አሠራሩ አንድ ነው። የፋሲካው በሬ አንድ ኦብጀክት ነው። የገናው በሬ ሌላ ኦብጀክት። ታህት ማለት በሬው ስንት መደብ እንደተመደበ ነው። ላዕል ማለት አንቺ ስንት መደብ እንደወሰድሽ።»

ገባኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ነገር በአንዴ ገብቶኝ አያውቅም። ፊቴ ሞቀ። እሷም አየችኝና ደስ አላት፤ እንደገና ስታስረዳኝ ድምጿ የአስተማሪ ሆነ።

«እሺ፣ ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው?»

«ሁለት አምስተኛ» አልኩ ቶሎ። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሬ።

«እንዴ እቴቴ! ግማሽ በሬ ለወሰደ ሰው ሌላ ሲሶ ጨምረሽለት ከግማሽ ያነሰ ይዞ ይሂድ?»

«ምነው፣ ቀማሁት እንዴ?»

«ቀማሽው! ሰውዬው ይከስሻል!»

በሳቅ ፈነዳን። ግማሹም ሲሶውም በእኩል መደብ እንዲቆጠር በሬው መጀመሪያ ስድስት መደብ መሆን አለበት አለችኝ። ግማሹ ሦስት መደብ ይሆናል፣ ሲሶው ሁለት፣ አብረው ከስድስት አምስት። ያንን ለኮምፒዩተሩ እንዲህ ብለን ነገርነው፦ ታህታቸው አንድ ከሆነ በሬው አንድ ነው፣ ላዕሉን ብቻ ደምር። ታህታቸው ከተለያየ መጀመሪያ እንደ አዲስ መድብ።

ሳቃችንን ሰምተው ኦቦ በሩ ላይ ቆሙ። እጃቸው ላይ የመኖ ባልዲ አለ።

«አካም ጅርቱ ልጆች? ሽንጥ፣ ጉበት ስትሉ ሰማሁ። በሬው የታለ?»

«ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው ኦቦ» አለች እህቴ።

«እዚያ ከገባማ እኔንም አንድ መደብ ጻፉኝ። ሳንባውን ግን ለሌላ ስጡልኝ፣ ጥርሴ አይችለውም።»

«ኦቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቅርጫ ተብሎ አንድም ሰው ባይገባበትስ? ዜሮ ሰው ቢሆን?»

ኦቦ ባልዲውን አስቀመጡ። «ሰው ያልገባበት ምን ቅርጫ አለ? በሬው ወደ ቤቱ ይሂድ እንጂ!»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ጻፊው፣ እንዳለ ጻፊው» አለችኝ። ታህቱ ዜሮ ከሆነ ኮምፒዩተሩ «በሬው ወደ ቤቱ ይሂድ» እንዲል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት።

እሑድ እሑድ እንዲህ እያደረግን ሠራነው። መቀነሱ፣ ማባዛቱ፣ ማካፈሉ አለቀ። የቀረው ማቃለል የሚባል ነገር ነበር። አንድ ስምንተኛ ከአንድ ስምንተኛ ጋር ስንደምር ኮምፒዩተሩ ሁለት ስምንተኛ ይላል። እህቴ «ይህ አንድ አራተኛ ተብሎ መቃለል አለበት መሰለኝ» አለች። ግን እጇ ያን ቀን በጣም አሟት ነበር፤ የሚጻፈውም ረጅም ነው። እኔ ደግሞ የአባባን ክምሮች እያሰብኩ፣

«ሁለት መደብ የወሰደ ሰው ሁለት መደብ ወሰደ ነው የሚባለው። አባባ ሁለቱን ክምር አንድ አድርጎ ሩብ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

አሰበችና፣ «እውነትሽን ነው። መደብ መደብ ነው» አለች። ሁለታችንም አመንበት። ላፕቶፑን ዘጋነው።

የማሳያው ቀን ሲቃረብ አብሬያት እንደምሄድ ሳንነጋገር ታወቀ። ከፋብሪካው ፈቃድ ጠየቅኩ። ጠዋት በአየር ጤና አድርገን፣ ታክሲ እየቀያየርን በአስኮ በኩል ቡራዩ ደረስን። መንገዱን ሁሉ ጄሶዋን ሰው እንዳይገፋው በክንዴ ከልዬ ሄድኩ። እሷ መስኮት መስኮቱን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እያጠናች ነው።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ያላሰብኩት ነገር ጠበቀኝ። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በትልቁ ግድግዳ ላይ ይታያል። አንዲት ፊደል ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ሰው ሁሉ አብሮኝ ይፈልጋል ማለት ነው። ተራችን ደርሶ ስንጠራ እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ተቀመጥኩ። እህቴ ከጎኔ ቆመች፤ ጄሶውን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። ከበደኝ፤ ግን እንድታነሳው አልፈለግኩም።

መምህሩ ረጋ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ታህቱን ዜሮ አድርጉት አለ። እህቴ ነገረችኝ፣ ጻፍኩ። ግድግዳው ላይ «በሬው ወደ ቤቱ ይሂድ» የሚለው ወጣ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። እህቴ የቅርጫውን ነገር ስታስረዳ ጸጥ ብለው ሰሟት። ይሄኔ በደህና ያለቀ መሰለኝ።

«እሺ፣ አንድ ስምንተኛ ሲደመር አንድ ስምንተኛ» አለ መምህሩ።

ሁለት ስምንተኛ ወጣ።

«ትክክል ነው። ግን አላለቀም። ለምን አልተቃለለም?»

«መምህር፣ ሁለት መደብ ሁለት መደብ ስለሆነ ነው» አለች እህቴ።

መምህሩ አልሳቀባትም። «ሥጋውን ይዞ ወደ ቤቱ ለሚሄደው ሰው ልክ ነሽ። ግን ይህንን ክላስ ነገ ሌላ ሰው ለሌላ ሥራ ይጠቀምበታል። እስኪ ሁለት ስምንተኛና አንድ አራተኛ እኩል ናቸው ወይ ብለሽ ጠይቂው» አላት።

ጠየቅነው። ኮምፒዩተሩ እኩል አይደሉም አለ።

መምህሩ የተቀሩትን ተማሪዎች አየና፣ «ከኋላ ተቀመጡና አስተካክሉት። የመጨረሻው ልጅ ሲጨርስ እጠራችኋለሁ። ካልሆነ ግን ላሳልፍሽ አልችልም» አላት።

ከኋላ ተቀመጥን። እህቴ ላፕቶፑ ላይ መስመሮቹን ወደ ላይ ወደ ታች ታመላልሳለች። ጠበቅኳት። ከፊት አንዱ ተማሪ ያሳያል፣ ይጨበጨብለታል፣ ሌላው ይተካል። እንባዋ ጄሶው ላይ ሲወርድ አየሁ።

«ጠፋብኝ» አለች በሹክሹክታ። «አውቀው ነበር እኮ። ሁሉም ነገር ጠፋብኝ።»

ከእኔ የሚገኝ ትምህርት የለም። የማውቀው ያንኑ ቅርጫ ነው።

«ሚጣዬ፣ የሰውየውን ሁለት ክምር አንድ ብናደርገው፣ የሌሎቹስ ክምር እንዳለ ይቀራል?» አልኳት።

«አይቀርም። የነሱም ሁለት ሁለቱ አንድ ይሆናል።»

«ስምንቱ ስንት ይሆናል?»

«አራት።»

«ታዲያ በስንት በስንት እንደምናጣምር ማን ይነግረናል?»

አፍንጫዋን በግራ እጇ ጠረገች። «ትልቁ የጋራ አካፋይ» አለች። ስሙን ሳውቀው ደነገጥኩ። ስድስተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ አይቼዋለሁ። እንዴት እንደሚገኝ ግን ረስቼዋለሁ። እሷ አልረሳችውም። ዓይኗን ጨፍና ቀስ እያለች ታወርድልኝ ጀመር፦ ትልቁን ለትንሹ አካፍይ፣ የተረፈውን ያዢ፣ አሁን ትንሹን ለተረፈው አካፍይ፣ ምንም እስከማይተርፍ ቀጥይ። «ቅንፉን ክፈቺ» ትላለች፣ እከፍታለሁ። «ወደ ውስጥ ግቢ» ትላለች፣ ክፍተት እሰጣለሁ። ስናሠራው ስህተት አለ የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። እህቴ «ወይኔ» አለች። እኔ ግን መስመር በመስመር በጣቴ ሄድኩበት። ፋብሪካ ውስጥ ሳይታሸግ የሚያልፍ ብስኩት እንደምፈልገው ፈለግኩት። አንድ ቦታ ሁለት ነጥብ ሳልጽፍ አልፌያለሁ። ጨመርኩት።

እንደገና ስናሠራው ኮምፒዩተሩ አንድ አራተኛ አለ። እኩል ናቸው ወይ አልነው። አዎ አለ።

እህቴ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ደፋች። ከፊታችን የተቀመጠች ልጅ ዞር ብላ አየችንና ፈገግ አለች።

በመጨረሻ ተጠራን። መምህሩ ሦስት ስምንተኛ ሲደመር አንድ ስምንተኛ አለ፤ ግማሽ ወጣ። ሌላም ጠየቀ፤ ልክ ሆነ። ጨርሰናል ብዬ ልነሣ ስል ወደ እኔ ዞረ።

«እስኪ አንቺ፣ የምትጽፊው። ሁለት ክፍልፋይ ስጪን። እሷ ቤት ያዘጋጀችው እንዳይሆን።»

እህቴን አየኋት። ሁልጊዜ ሰው ሲያናግረኝ እሷ ናት የምትመልስልኝ፤ ሱቅም፣ ጤና ጣቢያም፣ ኦቦ ቤትም። አሁን ዝም አለች። ብትናገር ቤት ያዘጋጀችው ይመስላል። አፏን ገጥማ፣ ዓይኗን አስፍታ ታየኛለች።

«ሲሶና ሩብ» አልኩ።

«አልሰማንሽም።»

«ሲሶና ሩብ!»

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። ከኋላ አንድ ልጅ «ሲሶ ደግሞ ምንድነው?» አለ። ሌላው «አንድ ሦስተኛ ነዋ፣ አንተ የኮንዶሚኒየም ልጅ!» ሲለው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። በዚያ ሳቅ መሀል ጻፍኩት። ሰባት አሥራ ሁለተኛ ወጣ።

«ይህኛው ለምን አልተቃለለም?» አለ መምህሩ ወደ እህቴ።

«ሰባትንና አሥራ ሁለትን ሳያስተርፍ የሚያካፍል ከአንድ ሌላ ስለሌለ። ክምሮቹ አይጣመሩም» አለች። ድምጿ ተመልሷል።

ራሱን ነቀነቀና የሆነ ነገር ጻፈ። ውጤቱን ግን አልነገራትም፤ ለሁላችሁም አንድ ላይ ይለጠፋል አለ።

ኮሪደሩ ላይ ጓደኞቿ ከበቧት። አንዷ «አንቺ ማነሽ? የት ነው የምትማሪው?» አለችኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። እህቴ በደህናው እጇ ክንዴን ያዘችና፣ «እህቴ ናት። እኔን የምታስተምረኝ እሷ ናት፤ ብስኩት ፋብሪካ ነው የምትሠራው» አለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። እኔ ያንን ቀን ሁሉ ስፈራ የነበረው ይህንን ጥያቄ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነበር። ጄሶው ተፈታ፤ እጇ ቀጥኖ፣ ቆዳው ነጥቶ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን በለብ ያለ ውሃ ውስጥ አድርጌ አንድ በአንድ አጥፋቸውና እዘረጋቸው ነበር። እሷ ስለ ውጤቱ አታወራም፣ እኔም አልጠይቃትም። ኦቦ ብቻ በበሩ ባለፉ ቁጥር «የበሬው ነገር ምን ደረሰ?» ይላሉ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስልኬን ከዕቃ ማስቀመጫ ሣጥኔ ሳወጣ ሦስት ጊዜ እንደደወለች አየሁ። መልሼ ደወልኩ። ከኋላዋ የሰው ጩኸት አለ።

«እቴቴ! ተለጠፈ! አለ፣ ስሜ አለ!» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ደወል ተደውሎ ወደ ማሽኑ መመለስ ነበረብኝ።

ከአጠገቤ የምታሽገው ልጅ አየችኝና «ምን ሆነሽ ነው ለብቻሽ የምትስቂው?» አለችኝ። ነገርኳት። ማሽኑ ስለሚጮህ አልሰማችኝም። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠጋ አለች።

«እህቴ ፈተናውን አለፈች!» አልኩ። አሁንም አልሰማችም።

«እህቴ! ፈተናውን! አለፈች!» ብዬ ጮህኩ።

መስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ከወዲያኛው ጫፍ አንዷ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ተቆጣጣሪያችን እየሮጠ መጣና «ምንድነው? ማን ወለደ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ብስኩቱ እየመጣ ከፊቴ ይከመራል። እጄን ሰደድኩና ማሸግ ጀመርኩ።